ለሰፈር መናፈሻ ብር ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ጎጃም፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በፕላን «አረንጓዴ ቦታ» የተባለ ሜዳ አለ። ዛሬ ከብት ይውልበታል፣ ቆሻሻ ይጣልበታል። መናፈሻ ልናደርገው 80 ሺህ ብር አዋጥተናል። ማዘጋጃ ቤት ስንሄድ «በጀት የለም፤ ፕሮፖዛል አምጡ» ተባልን። ግማሹ ሰው በብሩ የግንብ አጥርና በር እንሥራ ይላል። አንድ ነጋዴ ደግሞ «ሲሶውን ለካፌ ስጡኝ፣ የቀረውን እኔ አለማዋለሁ» ብሏል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብሩን አጥር ላይ እንዳታፈሱት። 80 ሺህ ብር ዛሬ ስንት ሜትር ግንብ ይሠራል? በሩ ቆሞ አጥሩ ግማሽ ላይ ይቀራል፤ ከብቱም በክፍቱ በኩል ይገባል።

እኔ ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት በማዘጋጃ ቤት በጀት ክፍል ነው። መናፈሻ የሚሠራበት ብር ካፒታል በጀት ይባላል። ለጥበቃ፣ ለአትክልተኛና ለውሃ የሚከፈለው ደግሞ መደበኛ በጀት ነው። ለካፒታሉ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። መደበኛውን ግን የሚያስታውሰው የለም። ስለዚህ ሐምሌ ላይ በሆታ የተተከለው ችግኝ ጥር ላይ ውሃ የሚያጠጣው አጥቶ ይደርቃል። እናንተ ከዚህ ተነሡ። መጀመሪያ የምትጠይቁት የውሃ መስመርና የአንድ አትክልተኛ ደመወዝ ይሁን። ትንሽ ስለሆነ እንቢ ለማለትም ይከብዳል።

«በጀት የለም» ያሏችሁ ምናልባት እውነታቸውን ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕቅዱ የሚሰበሰበው ግን ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ነው። ሰኔ ላይ የሚመጣ ጠያቂ የሚያገኘው ያለቀ ሠንጠረዥ ነው። እኔ በጥርና በየካቲት የገባ ደብዳቤ ሲታይ አውቃለሁ፤ በግንቦት የገባው ፋይል ውስጥ ያድራል።

ደብዳቤው ላይ የ80 ሺሁን ብር የባንክ ማስረጃ አያይዙ። በየከተማው የውስጥ ለውስጥ ኮብል ስቶን የተነጠፈው እንዴት ነበር? ነዋሪው ድርሻውን አስገባ፣ ከተማው ጨመረበት። ቆጥሮ ያስቀመጠ ሰፈር ሲመጣ ኃላፊውም ወንበሩ ላይ ቀና ይላል። አዲስ አበባ ላይ በ2011 ዓ.ም. ለከተማው ማስዋቢያ ብር ለማሰባሰብ «ገበታ ለሸገር» ሲባል የአንድ ሰው እራት 5 ሚሊዮን ብር ነበር። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ተመጋቢ የለም። ደቦ ግን አለ። ድንጋይ መልቀም፣ ቆሻሻ ማንሣት፣ ጉድጓድ መቆፈር ብር አያስፈልገውም፤ ቅዳሜ ጠዋት ዶማና ጠላ ይበቃዋል።

ከሁሉ በፊት ግን የፕላኑን ወረቀት እዩት። «አረንጓዴ ነው» ሲባል መስማት አይበቃም። የከተማ መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው 10 ዓመት ነው። እንዲህ ያለ ሜዳ ቀለሙን የሚቀይረው ፕላኑ ሲከለስ ነው፤ አረንጓዴ የነበረው «ቅይጥ»፣ ማለትም መኖሪያም ንግድም የሚሠራበት ቦታ፣ ሆኖ ይወጣል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። ውይይቱ ላይ ተገኙ። የአገሪቱ የፕላን መለኪያ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይላል። ይህን ስብሰባው ላይ አንሡት፤ ባለሙያዎቹ ያውቁታል።

የነጋዴው ነገር፦ መሬቱን አትስጡት። ደግሞስ መስጠት የምትችሉት እናንተ አይደላችሁም፤ ቦታው የከተማው ነው። አንዴ ካርታ ከወጣበት አይመለስም። ካፌ መኖሩን ግን አልጠላውም። ሰው ያለበት ቦታ ቆሻሻ አይጣልበትም። ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ውል ገብቶ፣ አንዲት ትንሽ ጥግ ላይ፣ ለተወሰነ ዓመት ይሥራ። ኪራዩ በጥሬ ብር ከሆነ ወደ ከተማው ካዝና ይገባል፤ ወደ ሜዳችሁ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ውሉ ላይ በሥራ ይጻፍ፦ መጸዳጃ ቤቱን ማጽዳት፣ ሌሊት ማስጠበቅ፣ በበጋ ችግኝ ማጠጣት። ሰውየው ካልፈለገ በማኅበር የተደራጁ የሰፈሩ ወጣቶች ይያዙት።

ከብቱን ለጊዜው የእሾህ አጥር ይመልሰዋል። ቅንጭብ እንትከል የሚል ይኖራል፤ ወተቱ የልጅ ዓይን ይጎዳል፣ ይቅር። ባሕር ዛፍም ቶሎ ያድጋል ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ሥሩ ውሃውን ይጨርስና ከዛፉ በታች ሣር አይበቅልም። ዋንዛ ትከሉ። ጥላው ሰፊ ነው፣ ንብም ይወደዋል። ዝግባና ወይራም ጣል ጣል አድርጉ፤ እነሱ ለልጅ ልጆቻችሁ ናቸው። መንገዱን ደግሞ መሐንዲስ ሳይጠራ ሕዝቡ ሥሎታል። ተማሪዎቹ ሜዳውን አቋርጠው በሚሄዱበት ላይ ጠጠር አልብሱት።

ደብዳቤውን ስታስገቡ ከመዝገብ ቤት የገባበትን ቁጥርና ቀን ቅጂው ላይ አስጽፉ። አንድ ግልባጭ ለከተማው ምክር ቤት ይሁን፤ በጀት የሚያጸድቀው እሱ ነው። የሰፈራችሁን ተመራጭ ታውቁታላችሁ? ዕድር ላይ ሲመጣ ያዙት።