ጠይቁኝ፦ እናቴን ወደ ፓይክ ፕሌስ የቅምሻ ጉብኝት ልውሰዳት?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች ነው። እናቴ በሐምሌ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። እስከ መስከረም እኔ ጋ ናት። ባለቤቴ «ፓይክ ፕሌስ ገበያ በአስጎብኚ እየዞሩ ምግብ የሚቀምሱበት ጉብኝት አለ፤ እሱን እንግዛላት» ይለኛል። ሐሳቡ ደስ ብሎኛል። ግን እማዬ ጾም አታፈርስም፣ እንግሊዝኛ አትሰማም፣ ጉልበቷም ያስቸግራታል። ገንዘባችን ሜዳ ላይ እንዳይቀር ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጉብኝቱን ግዢው የኔ እህት። ግን ለእናትሽ ሳይሆን ለራስሽ።

ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ። እኔ እዚያ ገበያ ውስጥ የፍራፍሬ መደብ ላይ ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። በሰመር ጠዋት ኮክ ስደረድር የጎብኚ ቡድኖቹ በፊቴ ያልፋሉ። አስጎብኚዋ ከፊት፣ አሥር አሥራ አምስት ሰው ከኋላ። እኛ ጋ ሲደርሱ ኮኩን በቢላ እሰነጥቅና በቢላው ጫፍ አቀብላቸዋለሁ። በደንብ የበሰለ ኮክ ከሆነ ጭማቂው እስከ ክርን ይወርዳል። ሁሉም ይስቃል። አስጎብኚዋ ሁለት ሦስት ደቂቃ ታወራና ወደሚቀጥለው ቤት።

ከቡድኑ መሃል ግን አንድ የማይስቅ ሰው አይጠፋም። እናቱን ይዞ የመጣው ነው። እናትየው «ምን አለች?» ይሉታል። እሱ ግማሹን ይነግራቸዋል፣ ግማሹን ይውጠዋል። ሲጨርስ ቡድኑ የለም። ኮኩንም በቅጡ አልበላው፣ ወሬውንም አልሰማው። እናትየው ደግሞ ከሰው ኋላ መቅረታቸው እያሳፈራቸው እግራቸውን ይጎትታሉ። እንዲህ ሁለት ሰዓት ገደማ በቁም ይኬዳል። ለአንድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ50 ዶላር በላይ ይከፈልበታል።

ስለዚህ አስቀድመሽ አንቺ ብቻሽን፣ ወይም ከባለቤትሽ ጋር ሂጂ። የጠዋቱን ምረጪ፤ ወደ ምሳ ሰዓት ሰዉ ይጋፋል። ጥሩ አስጎብኚ የትኛው ቤት ምን እንዳለው፣ ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ሻጮቹም በስሙ ይጠሩታል። የምትከፍዪው ለዚህ ነው እንጂ ለምግቡ አይደለም። ቅምሻ ማለት አንድ ሁለት ጉርሻ ነው፤ ያንኑ ራስሽ ገዝተሽ መብላት ትችያለሽ። የሰማሽውን ይዘሽ በሌላ ቀን እናትሽን አንቺው አስጎብኚያቸው። በሳቸው እርምጃ፣ በሳቸው ቋንቋ።

ታሪኩን ደግሞ እናትሽ ይወዱታል። ገበያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1907 ነው። በእኛ ነሐሴ 11 ቀን 1899 መሆኑ ነው። «በምኒልክ ጊዜ የተቋቋመ ገበያ ነው» በያቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል። የተቋቋመበት ምክንያት ደላላ ነበር። ገበሬው በርካሽ ይሸጣል፣ ከተሜው በውድ ይገዛል፣ መሃል ያለው ይበለጽጋል። በአንድ ዓመት ውስጥ የሽንኩርት ዋጋ አሥር እጥፍ ወጣ። ሰው ጮኸ። ቶማስ ሬቬል የሚባል የከተማው ምክር ቤት አባል «ገበሬው ራሱ መጥቶ ይሽጥ» አለ። የመጀመሪያው ቀን ጥቂት ገበሬዎች በጋሪ መጡ። ሺህ በሺህ ሆኖ የመጣው ገዢ ገና ከቀትር በፊት ጨረሰላቸው። መርካቶ ስትመላለስ የኖረች እናት ደላላ ምን እንደሆነ ማንም አያስረዳትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሁሉም ደስ አይልም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት እዚያ ከሚሸጡት ገበሬዎች አብዛኞቹ የጃፓን ዘር ያላቸው ነበሩ። በ1942 (ከዚህ ወዲያ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) መንግሥት ከቤታቸው አስነስቶ ካምፕ አስገባቸው፤ መደቦቹ ባዶ ቀሩ። ይህን የሚያስታውስ የጥበብ ሥራ ዋናው መግቢያ አካባቢ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ብዙ ሰው ቀና ሳይል ያልፈዋል። በኋላ ደግሞ ገበያውን አፍርሶ ዘመናዊ ሕንፃ የመሥራት ዕቅድ መጣ። ቪክተር ስታይንብሩክ የሚባል አርክቴክትና ጓደኞቹ ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡት። በ1971 የሲያትል ሰው «አይፈርስም» ብሎ መረጠ። ፒያሳን ለሚያውቅ ሰው ይህን ስታወሪ ትንሽ ፋታ ስጪው።

አሁን ወደ ጾሙ። ቀኑን ካላወቅሽበት ነገር ይበላሻል። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ በፈረንጅ ጁላይ 12። ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ ኦገስት 7 ይገባል። በመሃል ያለችው ጊዜ የአንቺ ናት፤ ረቡዕና ዓርብን ተያቸው። እንግዲህ በነዚህ ቀናት እናትሽ ጭስ የነካው ሳልመን ይቅመሱ። በመስታወት በኩል ሲሠራ እያዩ የሚበሉት ትኩስ ቺዝም አለ፤ ጥርስ ላይ ይጮኻል። ወፍራሙን እርጎ ከኛ እርጎ ጋር ያወዳድሩት። እርግጠኛ ነኝ፣ የኛ ይበልጣል ይላሉ።

ቻውደር የሚባለውን ሾርባ ግን እለፊው። ሁሉም ጉብኝት ማለት ይቻላል እዚያ ይቆማል። ውስጡ ክላም የሚባል ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ አለበት፤ ክንፍና ቅርፊት የለውም። ብዙ ጊዜ ቤከን የሚባለው የአሳማ ሥጋም ይገባበታል። ሸርጣኑንና ሽሪምፑንም እንደዚያው። እናትሽ ሳያውቁ ቀምሰው ቤት ሲደርሱ ቢሰሙ ያን ክረምት ሙሉ አይረሱልሽም።

ፍልሰታ ከገባ በጉብኝት ስም የሚቀመስ ነገር እምብዛም የለም። ቅቤ፣ ቺዝ፣ እንቁላል፣ ክሬም ነው ሁሉም። ዶናቱ እንኳ አይሆንም። ሕፃን በሚጾምበት ጾም እናትሽን ዙሪያቸውን ሲበላ አታቁሚያቸው። ገበያው ግን ለጿሚ የተሠራ የሚመስለው ያኔ ነው። ኮኩ የሚደርሰው በነሐሴ ነው። ብሉቤሪ፣ ጥቁር እንጆሪ፣ ለውዝ፣ የደረቀ ፍራፍሬ፣ ቀረፋና ብርቱካን ያለው ሻይ በሽ ነው። ሻጩን «ይቀመሳል?» በዪው፤ ቆርጦ ይሰጥሻል። ቀደም ብለሽ በሐምሌ ከሄድሽ ቢጫና ቀይ መልክ ያለውን ቼሪ እንዳታልፊው። ሬኒየር ይባላል፣ በተራራው ስም። እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ በ1952 የወጣ ዝርያ ነው። ቶሎ ይበላሻል፣ እዚያው በወረቀት ከረጢቱ ይበላ።

መደብ ሁለት ዓይነት መሆኑንም ልብ በይ። ከፍ ብለው በሚያምር ሁኔታ የተደረደሩት ቋሚዎቹ ናቸው። ብዙዎቹ ከጅምላ ሻጭ እያመጡ ይሸጣሉ፤ እኔም የሠራሁት እንዲህ ያለው ላይ ነው፤ ሐሜት አይደለም፣ ዕቃው ጥሩ ነው። ዝቅ ያሉት ጠረጴዛዎች ደግሞ የገበሬዎቹ ናቸው። እነሱ ያመረቱትን ብቻ ይሸጣሉ። ጠዋት ጠዋት ስም ይጠራና በቆዩበት ዘመን ቅደም ተከተል ቦታ ይደለደላሉ። አበባ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ከላኦስ በስደት የመጡ የሞንግ ገበሬዎች ናቸው። ራሳቸው ያርሳሉ፣ ራሳቸው ያስራሉ። ትልቅ እቅፍ አበባ በሱቅ ዋጋ ግማሽ ታገኚያለሽ። እናትሽ ያለ ቋንቋ ከነሱ ጋር ሲግባቡ ታያለሽ፤ እኔ ብዙ እናት አይቻለሁ። ዋጋ ለመከራከር ከቃጡ አትከልክያቸው። ደንቡ አይደለም፣ ግን ማታ መዝጊያ ላይ ጨምሮ የሚሰጥ ገበሬ አይታጣም።

ዓሣ የሚወረውሩት ሻጮች ጋ መድረስሽ አይቀርም። አንዱ ከበረዶው ላይ አንስቶ ይጮኻል፣ ሌሎቹ ተቀብለው ይጮኻሉ፣ ዓሣው በሰው ራስ ላይ ይበራል። ቱሪስቱ ያጨበጭባል። አንዲት እናት አጠገቤ ቆመው ሲያዩ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «በስመ አብ! የእግዜር ሲሳይ እንዲህ ይወረወራል?» አሉ። ልጃቸው ሊያስረዳ ሞከረ፤ አልተቀበሉትም። እኔም በልቤ ከሳቸው ጋር ነበርኩ። ብቻ ቪዲዮውን ቅረጪ፤ አዲስ አበባ ተልኮ ሰፈር ሙሉ ያየዋል።

የነሐሷ አሳማ ዘንድ ፎቶ መነሣት ይፈልጋሉ አይፈልጉም ራሳቸውን ጠይቂያቸው። ጀርባዋ ላይ የገንዘብ ማስገቢያ አላት፤ ሙዳየ ምጽዋት በያት። የሚጠራቀመው ገበያው ውስጥ ላሉት ክሊኒክ፣ የአረጋውያን ማዕከል፣ የምግብ ባንክና መዋዕለ ሕፃናት ይረዳል። ይህን ሲሰሙ እናትሽ መቀነታቸውን መፍታታቸው አይቀርም።

«የመጀመሪያው ስታርባክስ» የሚባለው ሰልፍ ላይ ግን እንዳታቆሚያቸው። እንደ እውነቱ ከሆነ የ1971ዱ የመጀመሪያ ሱቅ ሌላ ቦታ ነበር፤ አሁን ወዳለበት የተዛወረው በ1976 ነው። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ በሚሉት ስሞች ከኢትዮጵያ ጋር ተሟግቶ በ2007 የተስማማውም ይኸው ኩባንያ ነው። በቤቷ ቡና ቆልታ የምታፈላ ሴት በወረቀት ኩባያ ቡና ለመጠጣት ለምን ትሰለፍ?

ስለ ጉልበታቸው፦ ከሬኒየር ቢች ቀላል ባቡሩን ይዘሽ ዌስትሌክ ውረጂ። ወደ ገበያው የምትሄጂበት መንገድ ጥቂት ብሎክ ነው፣ ግን ቁልቁለት አለው፤ ሲመለሱ ዳገት ይሆናል። ስለዚህ ሲመለሱ መኪና ጥሪ። ገበያው በፎቅ በፎቅ ወደ ታች ይወርዳል፤ ደረጃውን ትተሽ በሊፍቱ ተጠቀሚ። ሲደክማቸው ከኋላ ወዳለው ሰገነት ይዘሻቸው ውጪ። መቀመጫ አለ፣ ባሕሩና መርከቡ ይታያል። በ2024 የተከፈተው መተላለፊያ ደግሞ ከዚያ እስከ ባሕሩ ዳር ያደርሳል፤ እሱንም በሊፍት መውረድ ይቻላል። ሁሉን በአንድ ቀን ለማሳየት አትሞክሪ። ቅርብ ነሽ፣ ትመለሳላችሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ። መሥሪያ ቤታችን ለሠራተኛ የቅምሻ ጉብኝት ገዝቶልናል። ምኑን ልብላ?

መልስ፦ ዛሬውኑ ለአስጎብኚ ድርጅቱ ጻፍ። ቦታ ሲያዝ የማይበላ ነገር እንዳለ ይጠይቃሉ፤ የመሥሪያ ቤትህ ሰው ግን ሳይሞላው አልፎ ይሆናል። በዕለቱ ብትነግራቸው ውኃ ይዘህ ቆመህ ትቀራለህ። ቀድመህ ብትነግራቸው ምትክ ያዘጋጃሉ። ሥጋ ያለበትን ሁሉ ተወው፤ ካልተባለ በቀር ሐላል አይደለም። ፒሮሽኪ የሚባለው ውስጡ የተሞላ የሩሲያ ዳቦ ሲቀርብ የትኛው እንደሆነ ጠይቅ፤ የሥጋ አለ፣ የድንችና የጎመን አለ፣ በዓሣ ቅርጽ የሚጋገር የሳልመንም አለ። ሾርባውን «ቤከን ወይም ወይን አለበት?» ብለህ ጠይቅ። አታፍር፤ ሻጮቹ ይህን ቀኑን ሙሉ ሲጠየቁ ነው የሚውሉት።

ጥያቄ፦ ለአስጎብኚ ቲፕ ይሰጣል እንዴ? ከከፈልን በኋላ?

መልስ፦ አዎ፣ ይሰጣል። ከ15 እስከ 20 በመቶ የተለመደ ነው። ጉብኝቱ ሲያልቅ በእጁ ብትሰጡት ይመረጣል፤ ካርድ የሚቀበሉም አሉ። ለየሻጩ ግን መስጠት አይጠበቅባችሁም። ኮኩ ከጣፈጣችሁ ተመልሳችሁ አንድ ኪሎ ግዙ፤ ባለመደቡ የሚፈልገው እሱን ነው።