ሸክላው ላይ የሚነፋው ማን ነው? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ሙላቱ አስታጥቄ ከተወለደባት ከጅማ በዚህ ወር ስለ ቀድሞ የቢቦፕ ጃዝ (በ1940ዎቹ የተነሣ ፈጣን የጃዝ ስልት) ሸክላዎች አራት ጥያቄዎች ደርሰውናል። በመልሶቹ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከአጎቴ የደረሰኝ ባለ 10 ኢንች ሸክላ አለ። መሃሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ብል በልቶት «ሳቮይ» የሚለው ስምና 597 የሚለው ቁጥር ብቻ ቀርቷል። በአንዱ ፊት ትራምፔትና አልቶ ሳክስፎን ከድራም በቀር ያለ አጃቢ እየተጣደፉ ይጀምራሉ። ግማሹ ጓደኛዬ ትራምፔቱ ማይልስ ዴቪስ ነው ይላል፣ ግማሹ ዲዚ ጊሌስፒ ነው ይላል። እነማን ናቸው? መቼስ ተቀረጸ? (አንባቢ፣ ከሂርማታ)

መልስ፦ እዚህ ላይ ከጆሮ ዓይን ይቅደም። 597 የሸክላ ኩባንያው ሳቮይ ሸክላውን ለገበያ ሲያወጣ የሰጠው የሽያጭ ቁጥር ነው፤ የቀረጻውን ቀን አይናገርም። ወደ ቀኑ የሚያደርሰው ሙዚቃው አልቆ መርፌው ወደ መሃል በሚንሸራተትበት ልሙጥ ቀለበት ላይ የተጫረው የማትሪክስ ቁጥር ነው። ክፍሉን አጨልመው የስልክዎን መብራት ከጎን ያብሩ፤ ጨረሩ ከሸክላው ጋር ሊተኛ ጥቂት ይቅረው። ከላይ ካበሩበት ያንጸባርቅና አንድም ጭረት አይታይም። ያዩትን ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ ሁሉ ሳያስተካክሉ እንዳለ ይጻፉት። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ስንተኛው ሙከራ እንደሆነ ይነግርዎታል፤ የአንድ ዘፈን ሁለት ሙከራዎች ደግሞ ሶሎአቸው (ሙዚቀኛው በየተራው ለብቻው የሚፈጥረው ዜማ) አንድ አይደለም።

የገለጹት አጀማመር የ«ኮ ኮ» ነው። ቀለበቱ ላይ 5853 ካገኙ ኒውዮርክ፣ ኖቬምበር 26 ቀን 1945 ብለው ይመዝግቡ። አልቶ ሳክስፎን ቻርሊ ፓርከር፣ ቤዝ ከርሊ ራስል፣ ድራም ማክስ ሮች ናቸው። ትራምፔቱ ጊሌስፒ ነው። ማይልስ ያን ጊዜ የ19 ዓመት ልጅ ነበር፤ በዚያው ዕለት በዚያው ስቱዲዮ ተገኝቷል፣ «ቢሊስ ባውንስ» እና «ናውስ ዘ ታይም» ላይ የሚነፋውም እሱ ነው። የጓደኞችዎ ክርክር የመጣው የዕለቱን የሙዚቀኞች ዝርዝር ለሁሉም ዘፈን እኩል ከማደል ነው። ለጆሮም ቢሆን ልዩነቱ አይጠፋም፦ ጊሌስፒ በፍጥነት ወደ ላይኛው ድምፅ ይወጣል፣ የዚያን ዘመን ማይልስ ግን ድምፁን ሳያንቀጠቅጥ መሃል ላይ ይቆያል።

ፒያኖው ይበልጥ ያስቸግራል። የሚጠበቀው ባድ ፓወል ስላልተገኘ ጊሌስፒ ራሱ ፒያኖ ላይ ተቀመጠ፤ አርጎን ቶርንተንም (በኋላ ሳዲቅ ሐኪም የተባለው) የተወሰነውን ክፍል ተጫውቷል። ሸክላው ላይ የታተመው ግን «ሄን ጌትስ» የሚል፣ ጊሌስፒ የተደበቀበት ስም ነው። ለሌላ ኩባንያ በውል የታሰረ ሙዚቀኛ በተውሶ ስም መቅረጹ በዘመኑ የተለመደ ነበር። በ1953 በቶሮንቶ ማሲ ሆል የተቀረጸው ኮንሰርት ሸክላ ላይ ፓርከር «ቻርሊ ቻን» ተብሏል። እንግዳ ስም ባዩ ቁጥር የታወቀ ሰው ከበስተጀርባው እንዳለ ይጠርጥሩ።

ሸክላውን ሲገለብጡም ይጠንቀቁ። የ597 ሌላው ፊት የቴነር ሳክስፎን (ከአልቶ ድምፁ ወፈር ያለ) ተጫዋቹ የዶን ባያስ ነው፤ ባንዱም ሌላ ነው። በአንጻሩ 573 የሚል ቁጥር ያለው የሳቮይ ሸክላ ከ«ኮ ኮ» ጋር በአንድ ቀን የተቀረጹትን «ቢሊስ ባውንስ» እና «ናውስ ዘ ታይም» የያዘ ነው። ስለዚህ የመመዝገቢያ ካርድ የሚጻፈው ለእያንዳንዱ ፊት ለየብቻው ነው።

ማትሪክሱ ተፍቆ ከሆነ የቀረው መንገድ የዘፈኑ ኮርድ (ዜማውን የሚያጅቡት የተጣመሩ ድምፆች ቅደም ተከተል) ነው። የቢቦፕ ሙዚቀኞች በቆዩ ዘፈኖች ኮርድ ላይ አዲስ ዜማ ይሠሩ ነበር፦ «ኮ ኮ» ከ«ቼሮኪ»፣ «ኦርኒቶሎጂ» ከ«ሃው ሃይ ዘ ሙን»። አሮጌውን ዜማ በሶሎው ላይ ያንጎራጉሩ፤ ዙሩ ሞልቶ እስኪመለስ ሳይጋጭ ከሄደ ፍለጋዎ ወደ ጥቂት ዘፈኖች ይጠባል። ለቀኑ ደግሞ የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር አባላቱን ከቀረጻ ያገደባቸውን ሁለት ጊዜያት ያስታውሱ። የመጀመሪያው ኦገስት 1 ቀን 1942 ተጀምሮ ለትልልቆቹ ለኮሎምቢያና ለቪክተር ኖቬምበር 1944 ነው ያበቃው፤ ሌሎች ቀደም ብለው ተስማምተዋል። ሁለተኛው ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 14 ቀን 1948 ነው። በእነዚህ ውስጥ የወደቀ የስቱዲዮ ቀን ሲያጋጥም ደግመው ያጣሩ እንጂ ወዲያው አይሰርዙት፤ ፓርከር በ1948 ሁለተኛው እገዳ ሳይነሳ ለሳቮይ ቀርጿል።

ጥያቄ፦ ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣልኝ አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ በትራንስፎርመር ይሠራል፤ ነገር ግን ሙዚቃው ይጎተታል፣ አልቶ ሳክስፎኑም ቴነር ይመስላል። ሞተሩ ደክሞ ነው? (አንባቢ፣ ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ትራንስፎርመሩ 220 ቮልቱን ወደ 110 ያወርዳል እንጂ ኸርዙን (መብራቱ በሴኮንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) አይነካም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ የአሜሪካው 60። የእነዚህ አሮጌ ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ስለሆነ ከስድስት አንድ እጁን ያጣል፤ ድምፁም ሦስት ግማሽ ቶን ያህል ይወርዳል። በኤፍ ቃና የተቀረጸው «ናውስ ዘ ታይም» ወደ ዲ ይጠጋል። በዚህ ሁኔታ ሙዚቀኛን በጆሮ መለየት አይቻልም፤ ስህተት ላይ ስህተት መደረብ ነው።

ለማረጋገጥ ሸክላው ጠርዝ ላይ ነጭ ወረቀት ያስቀምጡና በ33⅓ ፍጥነት (በደቂቃ 33⅓ ዙር) ለ3 ደቂቃ ዙሩን ይቁጠሩ። 100 መሆን አለበት፤ 83 ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። መፍትሔው ከሞተሩ ዘንግ ላይ ያለውን ፑሊ ለ50 ኸርዝ በተሠራ መለወጥ ነው። ካላገኙ ጥሩ ቶርኖ ቤት ያስቀርጹ፦ ለየፍጥነቱ የተሠራው የእያንዳንዱ እርከን ዲያሜትር በ1.2 ይባዛል፣ 10 ሚሊሜትር የነበረው 12 ይሆናል። አንዱን እርከን ብቻ ካስተካከሉ ሌላው ፍጥነት እንደተሳሳተ ይቀራል። እስከዚያው በኮምፒውተር ቀድተው ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ፍጥነቱን በ1.2 ማባዛት ይችላሉ፤ ቴምፖውን ብቻ ወይም ቃናውን ብቻ የሚቀይረውን ትእዛዝ ግን አይጠቀሙ፤ ሁለቱ አብረው መነሳት አለባቸው።

መርፌውንም ይመልከቱ። ለ78 ዙር (በደቂቃ 78 ጊዜ ለሚዞረው አሮጌ) ሸክላ 76 ማይክሮን ያህል ጫፍ ያለው ያስፈልጋል። የስቴሪዮ ሎንግ ፕሌይ (ባለ 33⅓ ዙር ሸክላ) መርፌ 18 ማይክሮን ያህል ስለሆነ ከቦዩ (መርፌው ከሚሄድበት ጠባብ መስመር) ሥር ወርዶ አቧራውን ያነብባል፤ የሚሰማዎት ጩኸት ሙዚቃው ሳይሆን ቆሻሻው ነው።

ጥያቄ፦ የፓርከር ባለ 33⅓ ዙር ሸክላ ሽፋን ላይ በእርሳስ «1948» ተጽፏል። የተቀረጸበት ዓመት ነው? (አንባቢ፣ ከጅሬን)

መልስ፦ ሳይሆን አይቀርም የኛ 1948 ነው፤ ማለትም ከሴፕቴምበር 1955 እስከ ሴፕቴምበር 1956፣ ምናልባትም ባለቤቱ የገዛበት ጊዜ። ኮሎምቢያ ሎንግ ፕሌይን ለዓለም ያስተዋወቀው በጁን 1948 ስለሆነ የአውሮፓው 1948 ጠባብ ዕድል ነው። የተቀረጸበት፣ የታተመበትና የተገዛበት ሦስት የተለያዩ ቀኖች ናቸው፤ ካርድዎ ላይ ሦስት መስመር ይስጧቸው። በሎንግ ፕሌይ ላይ የተጫረው ቁጥር ደግሞ የዚያ ፊት ቁጥር እንጂ የ1945ቱ ቀረጻ ማትሪክስ አይደለም።

ሕትመቱን ለመገመት ሽፋኑን ያንብቡ። የአሜሪካ አድራሻ አምስት አኃዝ ያለው የፖስታ ኮድ ከያዘ ከ1963 ወዲህ ነው። በአሜሪካ ሕትመት ላይ በክብ ውስጥ የተከበበች የላቲን ፒ ፊደል ካለች ከ1971 በፊት አይሆንም። በ1940ዎቹ የተቀረጸ ሙዚቃ «ስቴሪዮ» ተብሎ ከታተመ ከሞኖ (ባለ አንድ ቻናል ቅጂ) በማሽን የተሰነጠቀ ነው፤ ሁለቱን ቻናል ወደ ሞኖ አዋህደው ያዳምጡት።

ጥያቄ፦ ክረምቱ ሲወጣ ሸክላዎቼ ሻግተው አገኘኋቸው። በአልኮል ልጥረጋቸው? (አንባቢ፣ ከመርካቶ፣ ጅማ)

መልስ፦ የ78 ዙሮቹን በፍጹም! አልኮል ያንን ሸክላ ያሟሟዋል፤ ከሻጋታው ጋር ቦዩ አብሮ ይሄዳል። በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምረው፣ ለስላሳ ጨርቅ በደንብ ጨምቀው የቦዩን አቅጣጫ ተከትለው ይጥረጉ። በንጹሕ ውሃ በረጠበ ሌላ ጨርቅ ያለቅልቁና ወዲያው ያድርቁ። አይዘፍዝፉ፤ መሃሉ ያለው ወረቀትም አይርጠብ፣ የሙዚቀኞቹ ስም ያለው እዚያ ነው። ሥራውን ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ይሥሩ። የሻገተው ሽፋን ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ ካነሱ በኋላ ለብቻው ያስቀምጡ፤ ሸክላው ተመልሶ ከገባበት በቀጣዩ ክረምት ያው ነው። ከወለሉ ከፍ አድርገው፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቀው፣ አቁመው ይደርድሯቸው።