ካምፕ ለፈራች ልጅ

እህቴ፣ የ9 ዓመቷ ልጅሽ ጁላይ ላይ ልጆች ያለ ወላጅ ለአንድ ሳምንት የሚያድሩበት የክረምት ካምፕ ተመዝግባ፣ አሁን ማታ ማታ «አልሄድም» እያለች ታለቅሳለች፤ ላስቀራት ወይስ ትሂድ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ በልጄ ያየሁትን ልንገርሽ።

በመጀመሪያው ዓመት ልጄ 8 ዓመቱ ነበር። ስናደርሰው መኪና ውስጥ እጄን ይዞ አለቀሰ። አንጀቴ አልችል አለና «ካልወደድከው አስደውል፣ መጥቼ እወስድሃለሁ» አልኩት። በሁለተኛው ማታ አስደወለ፤ ሄጄ አመጣሁት። ደስታው አንድ ሰዓት አልቆየም። ጓደኞቹ ስለ ካምፑ ባወሩ ቁጥር ዝም ብሎ ክፍሉ ይገባ ነበር። የጎዳው ያ ቃሌ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ስለ ናፍቆት ባወጣው ጽሑፍ ወላጆች እንዲህ ያለ ቃል እንዳይገቡ ይመክራል። ልጁ «እናቴም አይችለውም ብላለች» ብሎ ነው የሚሄደው።

በዓመቱ በሌላ መንገድ ሞከርን። በመጀመሪያ አክስቱ ቤት አንድ ሌሊት፣ ቀጥሎ ሁለት ሌሊት አደረ፤ ካምፑ ስልክ ስለማያስገባ እኛም አልተደዋወልንም። ከዚያ ምኑ እንደሚያስፈራው ጠየቅኩት። እኔ ናፍቆት መስሎኝ ነበር። ለካ ሌሊት ሽንት ቤት መሄድ ነው! ሽንት ቤቱ ከመኝታው ውጭ ነው፣ መንገዱም ጨለማ ነው። እኛ «አያ ጅቦ መጣልህ» እየተባልን ነው ያደግነው፤ እኔም እሱን በዚሁ አስተኝቼዋለሁ። በጣም ቆጨኝ።

ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ገዛሁለት። የጓሮውን መብራት አጥፍተን እስከ አጥሩ ተመላለስን። መጀመሪያ አብሬው ሄድኩ። በኋላ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሱ ሄደ። በአራተኛው ማታ «እማዬ፣ አንቺ ግቢ» አለኝ።

ሌላ ነገር። ልጆቻችንን «ትልቅ ሰው አታስቸግሩ» እያልን ስለምናሳድግ ፈርተውም ዝም ይላሉ። ሌሊት ካውንስለሯን (ካምፑ ውስጥ የምትጠብቃቸውን) መቀስቀስ ብልግና እንዳልሆነ ደጋግመሽ ንገሪያት። ምን ብላ እንደምትቀሰቅስም አለማምጃት።

አንቺ ደግሞ ካምፑን ጠይቂ። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን የሚሆንበት ጊዜ አለ? ሐይቁ ዳር ማን ይጠብቃል? ዋና ካልቻለች አስቀድመሽ ተናገሪ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» የሚባል ምስጢር እንደሌለም ትወቅ። አንድ ሰው ጎዳኝ ካለች በዚያው ሰዓት ሂጂ፤ ቶሎ ሄደሽ አታምጫት የምልሽ ለናፍቆት ብቻ ነው።

ደብዳቤ ስትጽፊላትም «ቤቱ ያላንቺ ጭር አለ» አትበያት። ሐይቁን፣ ጓደኞቿን፣ ምን እንደበላች ጠይቂያት።

ዛሬ ማታ ስታለቅስ «አይዞሽ» ብለሽ ብቻ አታሳልፊው። አጠገቧ ተቀመጪና «ከቀኑ ሁሉ የሚያስፈራሽ የቱ ሰዓት ነው?» በያት። መልሷን እዚህ ጻፊልኝ፣ አብረን እናስብበታለን።