ምስል የሌለው ፊልም? አዎ፣ አለ

«ምስል የሌለው ፊልም የሠራ ፈረንሳዊ አለ ይባላል፤ እውነት ነው? ማነው?» ላልከው፦ እውነት ነው። ጊ ደቦር ይባላል። በ1931 ፓሪስ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ፊልሙ የወጣው በ1952፣ ልጁ ገና 20 ዓመቱ ሳለ ነው። ድምፅ ሲሰማ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል፤ ዝም ሲል ይጠቁራል። በቃ! መጨረሻው 24 ደቂቃ ሙሉ ጨለማና ዝምታ ነው። መጀመሪያ ሲታይ አዳራሹ ተንጫጭቶ ገና ሳይጋመስ ተቋረጠ። አይፈረድባቸውም።

ለእኔ ግን የሚበልጠው ጸሐፊው ደቦር ነው። በ1967 ያሳተመው «የትርኢት ማኅበረሰብ» ኑሯችንን ምስል ወረሰው፣ ሕይወታችንን ከመኖር ይልቅ እያየን ነው ይላል። ቲክቶክ በሌለበት ዘመን! በ1973 ራሱ ወደ ፊልም ቀየረው።

ተንኮሉም አይጣል ነው። በ1959 ከዴንማርካዊው ሰዓሊ አስገር ዮርን ጋር ያወጣው መጽሐፍ ሽፋኑ አናጢዎች እንጨት የሚያለሰልሱበት ሻካራ ወረቀት ነበር። መደርደሪያ ላይ አጠገቡ ያለውን መጽሐፍ እንዲፍቅ ታስቦ!

ወዳጁና ፕሮዲዩሰሩ ዤራር ሌቦቪሲ በ1984 ሲገደል ደቦር የራሱ ፊልሞች ፈረንሳይ ውስጥ እንዳይታዩ ከለከለ። በ1994 የራሱን ሕይወት አጠፋ።

ልትጀምር ካሰብክ «የትርኢት ማኅበረሰብ» ከሚለው መጽሐፍ ጀምር። አጫጭር ቁጥር የተሰጣቸው አንቀጾች ስለሆኑ ቀስ እያልክ ታነበዋለህ። የ1952ቱን ፊልም ለኋላ አቆየው።