ማልቲዝ ውሻ ለኮንዶሚኒየም ኑሮ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። እኔና ባለቤቴ ጠዋት ወጥተን ማታ እንገባለን። የ3 ዓመት ልጃችን ቀን ቀን ከሞግዚቷ ጋር ናት። የማልቲዝ ቡችላ ልንገዛ አስበናል፤ ይስማማናል?

መልስ፦ የቤቱ ጥበት አያሳስብም። ማልቲዝ አድጎም ከ3 ኪሎ ብዙ አያልፍም፤ በቀን ሁለቴ ለ15 ደቂቃ ያህል ወጣ ቢል ይበቃዋል። የሚያሳስበው ሰዓታችሁና ልጅቷ ናት። የ2 ወር ቡችላ ሽንቱን ከ2 እስከ 3 ሰዓት በላይ አይቋጥርም። በቀን 4 ጊዜ ካልበላ ደግሞ የደሙ ስኳር ወርዶ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊዝለፈለፍ፣ ሊሞትም ይችላል። ይህ ሁሉ ሞግዚቷ ላይ ስለሚወድቅ አስቀድማችሁ ጠይቋት። ውሻ የምትፈራ ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ልጅቷ አንስታ ልትጥለው ትችላለች። ከሶፋ ላይ መውደቅ ብቻውን የፊት እግሩን ሊሰብር ይችላል፤ ስለዚህ መሬት ተቀምጣ ካልሆነ እንዳታቅፈው።

ፀጉሩ በየቀኑ ከሥሩ በብረት ማበጠሪያ ካልተበጠረ ከጆሮው ጀርባና ብብቱ ሥር ይቋጠርና ቆዳውን ይጎትታል። አሳጥሮ ማስቆረጡ ይቀላል፤ ለፎቶ ካልሆነ ረጅሙ ምን ያደርጋል? የወጥ ትራፊ ግን በፍጹም! ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ለዚህ ክብደት ጥቂቱም ብዙ ነው።

እኛን ካላችሁ፣ ቡችላውን ትታችሁ 2 ዓመት ያለፈውና ልጅ የለመደ ፈልጉ። ከመክፈላችሁ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርዱን እዩ።