መልስ፦ የሳይንስ ውጤት 68 ብቻ ተብሎ ለወላጅ ሲላክ

አቦ ጥሩ ጥያቄ ነው። «የወረዳችን ትምህርት ቤቶች ሳይንስን በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲመዝኑ እንዴት እናቅድ፣ ለወላጅስ ምን እንላክ?» ብለሃል። እኔ ድሬዳዋ 7ኛና 8ኛ ክፍል ጄኔራል ሳይንስ አስተምራለሁ።

ካርድ ላይ 68 ብቻ ሲጻፍ ወላጅ ምን ይገባዋል? ልጁ ሸምድዶ ይሁን ገብቶት አይታወቅም። ውጤቱን ለሦስት ክፈሉት፦ ሐሳቡን መረዳት፣ ሙከራ መሥራት፣ ካየው ተነስቶ ምክንያት መስጠት። ላብራቶሪ የለንም አትበሉ። የድሬ ውሃ ካልሲየም ይበዛዋል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ፍቃችሁ አቼቶ ጠብ ስታደርጉበት አረፋ ይወጣል፤ ልጁ አስቀድሞ ይገምት፣ ያየውን ይጻፍ፣ አረፋው ከየት እንደመጣ ያስረዳ፣ በቃ ሦስቱም ተመዘኑ።

ትልቁ ጣጣ እርማቱ ነው። አንዱ መምህር 9 የሰጠውን ሌላው 5 ይሰጠዋል። ከየትምህርት ቤቱ መምህራን ተሰብስበው ያንኑ 10 ወረቀት ለየብቻ ያርሙና በልዩነታቸው ይነጋገሩ፣ ይሄ ሳይደረግ ትምህርት ቤቶችን በውጤት ማወዳደር ልክ አይደለም።

ለወላጅ ከቁጥሩ ጎን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። «ሙከራ ላይ ጎበዝ ናት፣ ምክንያቷን መጻፍ ግን ይቀራታል» ዓይነት። ደግሞ በሴሚስተሩ መሃል ይድረሳቸው፣ ገና ማስተካከል ሲቻል።