ቡጋቲ 490 ከሮጠ ለገዢው ለምን 420 ላይ ይታሰራል?

ወንድማችን፣ ጥያቄህ «ቺሮን የሚባለው የቡጋቲ መኪና በሰዓት 490 ኪሎ ሜትር ሮጧል ይሉናል፣ ለገዢ የተሰጠው ግን 420 ላይ የታሰረ ነው፣ ሸውደውን ነው ወይ? ደሞስ በ2.4 ሰከንድ 100 መግባቱ ሰው ይሰማዋል?» ነው። አልሸወዱም። ግን ሁለቱ አንድ መኪና አይደሉም።

ቺሮን በ2016 ጄኔቫ ላይ ሲተዋወቅ ባለ 16 ሲሊንደር፣ ባለ 4 ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ)፣ 1500 የፈረስ ጉልበት ነበር። በ2019 ጀርመን ኤራ ሌሲን በሚባለው መሞከሪያ መንገድ ሹፌሩ አንዲ ዋላስ 490.48 የነዳው ግን ጉልበቱ ወደ 1600 ከፍ ያለ፣ ኋላው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የረዘመ፣ ከመሬት ዝቅ የተደረገና የጎን ወንበሩ የወጣለት ነው። ቀጥታው መንገድ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ እንደዚህ ያለ መንገድ ከየት ይመጣል? የተነዳውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ወግ ያለው ሪከርድ ሄዶ ተመልሶ አማካዩ የሚያዝ ስለሆነ ብዙ ሰው እስካሁን ይከራከርበታል፣ እኔም ከተከራካሪዎቹ ነኝ።

አሁን ወደ ጎማ። ሥራዬ ጎማና ፍሬን ስለሆነ ትንሽ አበዛለሁ፣ ቻሉኝ። ሁሉም ስለ ሞተር ያወራል፣ መኪናውን የሚያስረው ግን ጎማው ነው። በ420 ፍጥነት ጎማው ጥርስ ላይ ያለች እያንዳንዷ ግራም 3.8 ኪሎ ያህል ሆና ወደ ውጭ ትጎትታለች። 490 ላይ ከ5 ኪሎ ታልፋለች። መሪው ይንቀጠቀጣል ተብሎ መኪና ሲመጣልን ባላንስ ማሽን ላይ ሰቅለን ቸርኬው ጠርዝ ላይ የምንለጥፋት እርሳስ አንዳንዴ 10 ግራም ብቻ ናት፤ እሷ ስለጎደለች ብቻ በ100 እና በ120 መካከል የሹፌሩ እጅ ሲንዘፈዘፍ ካየህ፣ ለ490ው ሩጫ ጎማዎቹ ተጠናክረው ተሠርተው ከመገጠማቸው በፊት በራጅ ለምን እንደታዩ አይገርምህም። ገዢው ግን ጎማውን በየጊዜው ራጅ አያስነሳም። ምስማር የነካው ጎማ ይዞ ሊወጣም ይችላል። ስለዚህ በመደበኛው 380፣ ለከፍተኛ ፍጥነት በሚሰጠው ሁለተኛ ቁልፍ ደግሞ 420 ላይ ይቆማል።

አየሩም አለ። ፍጥነትህን እጥፍ ለማድረግ አየሩን ለመግፋት ብቻ 8 እጥፍ ጉልበት ያስፈልግሃል። መጨረሻ ላይ የምትጨምራት እያንዳንዷ ኪሎ ሜትር ውድ የምትሆነው ለዚህ ነው።

አነሳሱን በተመለከተ፣ ቺሮን ውስጥ ገብቼ አላውቅም፣ ውሸት ምን ያደርጋል። በ3 ሰከንድ አካባቢ 100 በሚገባ መኪና ግን ዝግ ትራክ ላይ ጎን ተቀምጬ አይቻለሁ። ሹፌሩ በግራ እግሩ ፍሬን ይረግጣል፣ በቀኙ ነዳጅ ይሰጣል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ፍሬኑን ሲለቀው ጭንቅላቴ መደገፊያው ላይ ተለጠፈ፣ የጀመርኩት ወሬ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ይሰማሃል ወይ ነው ያልከው? ሆድህ ራሱ ኋላ የቀረ ይመስልሃል።

እኔን የባሰ የገረመኝ ግን ፍሬን ተይዞ ሲቆም ነው፣ ቀበቶው ደረት ላይ ምልክት ይተዋል። ቺሮን ወደ 2 ቶን እየመዘነ በ2017 ከዜሮ ተነስቶ 400 ገብቶ እንደገና ዜሮ ለመሆን 42 ሰከንድ አልሞላበትም። ከዚያ ውስጥ ፍሬኑ የወሰደው 9 ሰከንድ ከምናምን፣ 491 ሜትር ነው። የኋላ ክንፉም ተነስቶ በአየር ያግዘዋል። አንድ መኪና ሲተዋወቅ ከከፍተኛ ፍጥነቱ በፊት እኔ የምፈልገው ይቺን የመቆሚያ ቁጥር ነው፣ ብዙዎቹም አይናገሯትም።

በነገራችን ላይ በ2024 የተዋወቀው አዲሱ የቡጋቲ መኪና ቱርቢዮን ቱርቦ የለውም። 1000 የሚሆነው ጉልበት ከ16 ሲሊንደሩ፣ 800 ደግሞ ከ3 የኤሌክትሪክ ሞተሮች ይመጣል። ከፍተኛው 445 ነው፣ ከ490 ጋር ስታየው ያነሰ ይመስላል። ግን ኤሌክትሪኩ ነዳጅ ስትረግጥ እዚያው ስለሚገፋ ቱርቦው አየር እስኪሞላ መጠበቅ የለም፣ 100 የሚገባው በ2 ሰከንድ ነው። የአንገት ነገር ያሳሰበው ከዚህኛው ይጠንቀቅ።